አደራ የሰጠሁት ሙዚቃ

«አንደኛው ጆሮ አለው፤ አንደኛው ደግሞ ትዕግሥት አለው።»

እንዲህ ያሉት የኔታ ይመስሉኛል። እንግዳው ቄስም ብለውት ሊሆን ይችላል፤ ድምፃቸው ይቀራረባል። ደረስጌ፣ ዜማ እንማርበት ከነበረው ቤት፣ ሊመሽ ሲል ነው። እኔ ከየኔታ ጎጆ ጀርባ እንጨት እደረድራለሁ፤ እነሱ ውስጥ እሳት ይሞቃሉ። ከዛሪማ በኩል የመጡት ቄስ ሳቁና «ሁለቱን ቢያዳብሏቸው አንድ ሙሉ መምህር ይወጣዎት ነበር» አሉ። የኔታ የመለሱትን ነፋስ ወሰደብኝ። «እሱስ ልክ ነው» ያሉ ይመስለኛል፤ ወይም «እሱስ ይቅር»።

የተወራው ስለ እኔና ስለ ዓለምብርሃን እንደነበር ግን አልተጠራጠርኩም። በዚያ ዓመት ጾመ ድጓ የጀመርነው እኛ ሁለታችን ብቻ ነበርን። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነው። ጆሮ ያለው የትኛችን እንደሆነ ልሰማ እንጨቱን ጥዬ ወደ ግድግዳው ብጠጋ፣ ወሬው ወደ በሬ ዋጋ ዞሯል።

ከዚያ በኋላ ሠላሳ ሦስት ዓመት አለፈ። ዓለምብርሃን ጾመ ድጓውንም ድጓውንም ዘልቆ መሪጌታ ሆነ፤ ዛሬ ዳባት ላይ ዜማ ያስተምራል። እኔ አባቴ ሲሞት ጾመ ድጓውን እኩሌታው ላይ ትቼ ደባርቅ መጣሁና ልብስ ሰፊ ሆንኩ። ለተራራው ፓርክ ጠባቂ ስካውቶች ካፖርት፣ ለተማሪ ዩኒፎርም፣ ለካህናት ካባ እሰፋለሁ። እግሬ ከመኪናው ፔዳል ላይ፣ ዓይኔ ከመርፌው ላይ ነው። ጆሮዬ ግን ሥራ አልነበረውም።

ሥራ ያገኘለት ፀጋው ነው። ፀጋው አስጎብኚ ነው፤ ፈረንጆቹን ተራራው ላይ አምባራስ ድረስ ይወስዳል፣ ይመልሳል። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ካፖርቱን ሊያስጠብብ መጥቶ አንድ ትንሽ ሚሞሪ ካርድ ሰጠኝ። የፊልም ሙዚቃ ነው፤ ፊልሙ የለበትም፣ ሙዚቃው ብቻ። ጥላዋን ለወንዝ ስለሸጠች ንግሥት የተሠራ ተረት ፊልም ነው አለኝ። እስከ ዛሬ ድረስ ፊልሙን አላየሁትም። ሙዚቃው ግን አሥራ ዘጠኝ ክፍል ነው፣ የየክፍሉን ርእስ ፀጋው ተርጉሞልኛል፤ ሰማንያ የሚሆን ሰው በአንድ ላይ ይጫወተዋል፣ አንድም ቃል የለበትም።

መጀመሪያ ሰማሁት፣ ምንም አልገባኝም፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ የሚናገር ሸንጎ መሰለኝ። ደግሜ ሰማሁት። በሁለተኛው ዓመት ከላይ የሚሮጡትን ቫዮሊኖች ተውኩና ከሥራቸው በወፍራም ድምፅ የሚሄደውን ቼሎ ለየሁ። በአራተኛው ዓመት ሆርን፣ ያ ጠምዛዛ መለከት፣ ሲገባ ሌሎቹ ቦታ እንደሚለቁለት ገባኝ። የመሣሪያዎቹን መልክና ስም ከስልክ ላይ አንድ በአንድ ተማርኩ። ደብተርም ገዛሁና የዜማ ምልክት አወጣሁለት። በድጓ ላይ ከቃሉ በላይ ትንንሽ ፊደላት ይቀመጣሉ፤ ይህ ዜማ መጀመሪያ የተዜመው እዚያ ቦታ ነው፣ ቤቱ እዚያ ነው ብለው ይጠቁማሉ። እኔም ለንግሥቲቱ አንድ፣ ለጥላዋ አንድ፣ ለወንዙ አንድ ፊደል ሰጠሁ። ጾመ ድጓው እኩሌታው ላይ የቀረ ሰው ምልክቱን ለሌላ ነገር ማዋሉ ያስቀጣ እንደሆን የንስሓ አባቴን ጠይቄያለሁ። «ጸሎትህን ካላስታጎለብህ» አሉኝ። አላስታጎለብኝም። በጾም ቀን አልሰማውም፤ በፍስክ ቀን ደግሞ ዳዊቴን ሳልደግም አልከፍተውም።

ሱቄ መናኸሪያው አጠገብ ስለሆነ አላፊ አግዳሚው ያሾፍብኛል።

«ሕሩይ፣ ዘፋኙ ዛሬም አልመጣም እንዴ?»

«መንገድ ላይ ነው» እላለሁ።

እንዲህ እያልን አሥራ አንድ ዓመት ኖርን። ዘንድሮ በቅበላው እሑድ ፀጋው እየሮጠ መጣ።

«ጋሽ ሕሩይ! ሁለተኛው ወጣ!»

«ምኑ?»

«ፊልሙ ነዋ! የንግሥቲቱ ልጅ የእናቷን ጥላ ከወንዙ ልታስመልስ ትወርዳለች። ጎንደር ሄጄ ሙዚቃውን አስጫንኩልህ።» ጥቁር ፍላሽ መዳፌ ላይ አስቀመጠ።

እዚያው ልከፍተው ቃጣኝ። ግን ቤቴ በቅበላ እንግዳ ተሞልቷል፤ በማግሥቱ ሑዳዴ ይገባል። አሥራ አንድ ዓመት የጠበቅኩትን ነገር በጠላና በጫጫታ መሃል ልጎርሰው አልፈለግኩም። አንድን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ መስማት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከፋሲካ በኋላ፣ ሱቄን ዘግቼ፣ ከአንደኛው እስከ መጨረሻው በአንድ ትንፋሽ እሰማዋለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ።

ሰኞ ፍላሹን መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩ። ማክሰኞ መሳቢያውን ቆለፍኩ። ረቡዕ ቁልፉን ለሐመልማል ለሚስቴ ሰጠሁ፤ በዚያው ቀን መልሼ ተቀበልኳት።

«እንካ» አለችኝ፣ «ሲጋራ ያቆመ ሰው አስመሰለህ እኮ!»

ሐሙስ ሚኒባስ ይዤ ዳባት ሄድኩ። የማምነው ሰው ዓለምብርሃን ነው። ሰው ፊት «መሪጌታ፣ እርስዎ» እለዋለሁ፤ ብቻችንን ስንሆን አንተ ነው።

«ምንድን ነው?» አለ ፍላሹን ገልብጦ እያየ።

«ፈተና ነው። እስከ ፋሲካ ያዝልኝ።»

«የሴት ፎቶ ነው?»

«ወግድ! የሁለተኛው ፊልም ሙዚቃ ነው፤ ልጅቷ የእናቷን ጥላ ፍለጋ ወንዝ የምትወርድበት።»

«ያ ዘፋኝ የሌለበት?» ሳቀና በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ሣጥኑ ውስጥ ከተተው።

«እንዳትሰማው» አላልኩትም። መሪጌታን፣ ያውም በሑዳዴ፣ «ሙዚቃ እንዳትሰማ» ማለት ስድብ መሰለኝ።

ጾሙን በሰላም ፈጸምኩ። ትንሣኤ ሆነ፤ መንገድ ግን ተዘጋ። ዐሥር ቀን መኪና አልነበረም። በዐሥራ አንደኛው ቀን የመጀመሪያው ሚኒባስ ላይ ተሳፈርኩ።

በሩን የከፈተችልኝ ባለቤቱ አመተ ማርያም ናት።

«ውይ፣ ሕሩይ! እንኳን አብሮ አደረሰን። መሪጌታ አሁን ከቤተ ክርስቲያን ይመለሳሉ፣ ተቀመጥ። አይ ያቺ ሙዚቃህ! ጾሙን እኮ እሷ አሳለፈችልን!»

«የትኛዋ ሙዚቃ?»

«ያቺ ያመጣሃት ነዋ። እኔስ አምስተኛዋን ነው የወደድኩ። እንዴት ነው አንጀት የምትበላው! እንዲያው ለቅሶ አይደለችም?»

«እኔ እንጃ፣ አመተ ማርያም» አልኩ። «አልሰማኋትም።»

 ቅናትን ከመጽሐፍ አውቀዋለሁ፤ የቃየንን አንብቤያለሁ። እንዲህ እንደ ቃር የሚያቃጥል ነገር መሆኑን ግን ያን ቀን ነው ያወቅኩት። የቀናሁት ደግሞ በመሪጌታው ብቻ አይደለም። ሽሮዋን እያማሰለች አምስተኛዋን በሰማችው በአመተ ማርያምም ቀናሁ።

ዓለምብርሃን ገባ። ፊቴን አየና ሚስቱን አየ።

«ነገረችህ?»

«ነገረችኝ።»

«መጀመሪያ በስህተት ነው» አለና መቋሚያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። «የወረብ ቅጂዬም ጥቁር ፍላሽ ላይ ነው። ያንተ መሆኑን ሳላውቅ ድምፅ ማጉያው ላይ ሰካሁት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ወዲያ በስህተት አልልህም።»

«ስንቴ ሰማኸው?»

«ዐሥራ አራት ጊዜ።»

«ዐሥራ አራት! ሰሙነ ሕማማትን ጨምሮ?»

«ሰሙነ ሕማማትን አልነካሁም! ምን መሰልኩህ?» ተቆጣ። ከዚያ እንደ ልጅነቱ ጉልበቱን አቅፎ ጎንበስ አለልኝ። «ስማኝ ሕሩይ፣ አራተኛው ላይ ከበሮውን ያስሩታል። ከዚያ ወዲያ ሲጣሉም ሲሮጡም ከበሮ የለም። እኛ በጾም ከበሮና ጸናጽል አስቀምጠን በመቋሚያ ብቻ እንደምንዘምመው ማለት ነው። ልጅቷ ወንዙ ውስጥ ወርዳለች፤ እስክትወጣ ይጾማሉ። የመጨረሻው ላይ ሲመለስ…» መዳፉን ወለሉ ላይ መታ። «ትንሣኤ ነው!»

እውነት እንደሆነ ወዲያው አወቅኩ። ሰምቼው ቢሆን ኖሮ ይህን ለማግኘት ሦስት ዓመት ይፈጅብኝ ነበር። እሱ በሁለት ወር አገኘው። የኔ በሆነ ነገር፣ የኔ ተራ በሆነበት ቀን።

«አንድ ነገር ግን አስቸገረኝ» አለ። «ውስጡ እንግዶች አሉ። ሙዚቃው መሃል ድንገት ይገባሉ፣ ሁሉም ያውቃቸዋል፣ እኔ አላውቃቸውም። ቤታቸው ሌላ ቦታ ነው። የመጀመሪያው ፊልም ላይ ይሆናል። እሱን ብታሰማኝ…»

በዓለም ላይ የዚያን ጥያቄ መልስ ከያዙት ጥቂት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ፤ ደባርቅና ዳባት ላይ ደግሞ ብቸኛው። አሥራ አንድ ዓመቴ እዚያች ካርድ ውስጥ ነው። ብሰጠው በወሩ እሱን ደግሞ ከእኔ በላይ ያውቀዋል።

«የለም» አልኩ። «ካርዱ ተበላሸ።»

«እንዴት?»

«ሐመልማል ከነኮቴ አጠበችው።»

ለምን ሚስቴን እንደጨመርኩ እንጃ። ውሸት ብቻውን መቆም ስለማይወድ ይሆናል። ዓለምብርሃን ዘመድ እንደሞተበት ሰው ራሱን ነቀነቀ። ፍላሹን በዚያው በነጩ ጨርቅ እንደተጠቀለለ ሰጠኝ።

በማግሥቱ ሱቄን ዘግቼ፣ ዳዊቴን ደግሜ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት። መጀመሪያ ጊዜ ግን አልነበረም። ሦስተኛው ላይ እያለሁ «አሁን ከበሮው ሊታሰር ነው» እያልኩ እጠብቃለሁ። አራተኛው ላይ ታሰረ። አልደነገጥኩም፤ ተነግሮኛላ። አምስተኛዋ ስትመጣ የአመተ ማርያም ሽሮ ሸተተኝ። የመጨረሻው ላይ ከበሮው ሲመለስ የታየኝ ወለሉን የሚመታ የዓለምብርሃን መዳፍ ነው። ሌላ ሰው ያኘከውን የመብላት ያህል ሆነብኝ። ደግሜ ሰማሁት፤ አሁንም እሱ አለ። በሦስተኛው ቀን ዘጋሁትና አንድ ካፖርት በግልባጩ ሰፋሁ፤ እጅጌው ከነገበሩ ወደ ውጭ ወጣ።

«ምን ሆነሃል?» አለች ሐመልማል።

«ምንም።»

«ይሄ ምንም የሚመስል ካፖርት ነው?»

ሳምንት ሳይሞላ የሚኒባስ ሹፌር ከዳባት ጥቅል አመጣልኝ። ደብተር ነው። ዓለምብርሃን ሁለተኛውን ሙዚቃ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በዜማ ምልክት ጽፎታል። እንደ መጽሐፍ አንዳንዱን በቀይ፣ ሌላውን በጥቁር ቀለም። የእጅ ጽሕፈቱ ያምራል፤ በዚያም ቀናሁ። ዘጠኝ ቦታ ላይ ባዶ መስመር ትቶ በቀይ «እንግዳ ነው፤ ቤቱን አላውቅም» ብሏል።

ሠርቶ የጨረሰውን ሁሉ እንዲሁ ላከልኝ። ምንም አልደበቀም።

ለአንድ ቀን አልነካሁትም። በሁለተኛው ቀን እርሳስ ቀርጬ የመጀመሪያውን ባዶ ሞላሁ፦ «የወንዙ ነው፤ ከመጀመሪያው ፊልም፣ ሰባተኛው ላይ።» አንዱን ብቻ ልሞላ ነበር ያሰብኩት። ሁለተኛውን ሞላሁ። ቅናት የሚባለው ነገር እንዴት ያለ ነው፣ መደበቅም ይፈልጋል፣ መታየትም ይፈልጋል! ያወቅኩትን እንዳያውቅ ዋሽቼ፣ ማወቄን እንዲያውቅልኝ ደግሞ እጄ አላርፍ አለኝ። ስድስተኛው ባዶ ላይ ስደርስ መሳሳቱን አገኘሁ፤ እንግዳ ያለው እንግዳ አይደለም፣ አዲስ ነው። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም፣ በጣም ደስ አለኝ። ከዚያ አምስተኛዋን ክፍል ለማመሳከር ካርዴን አወጣሁና የመጀመሪያውን ፊልም ሁለተኛ ክፍል ከፈትኩ። አመተ ማርያም ለቅሶ ያለቻት፣ ዓለምብርሃንም በቀይ «ሙሾ» ብሎ የጻፈባት፣ ሙሾ አይደለችም። ንግሥቲቱ ጥላዋን ከመሸጧ በፊት ልጇን የምታስተኛበት እሽሩሩ ናት። ሁለተኛው ፊልም ላይ ቀስ አድርገው፣ በቼሎ ብቻ ተጫወቷት። ወንዙ ውስጥ ልጅቷን የሚጠራት ጥላ በእሽሩሩዋ ነው የሚጠራት።

መኪናዬ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። እሱ ያልሰማውን፣ ማንም ያልነገረኝን፣ በራሴ ጆሮ ሰማሁ።

ቀና ስል ሐመልማል ከደብተሩ ውስጥ የወደቀ ወረቀት ይዛ ቆማለች። እኔ አላየሁትም ነበር።

«‹ሐመልማልን ካርዱን አጠበች ብለህ አትቆጣት፤ ሳታውቅ ነው›» ብላ ጮክ ብላ አነበበች። «የትኛውን ካርድ ነው ያጠብኩት?»

 ካርዱ ስልኬ ውስጥ እየዘፈነ ነው።

«እኔ ነኝ የምጠይቅህ፣ ሕሩይ። የቱን ካርድ?»

ነገርኳት። እየሳቀች ሰማችኝ፤ መጨረሻ ላይ ግን አልሳቀችም።

«ሰውዬው ይቅር እንድትለኝ ለምኖልኛል እኮ» አለች። «ባልሠራሁት! ነገ ትሄዳለህ። ስሜን አጥበህ ትመለሳለህ።»

ሄድኩ። ደብተሩን ሰጠሁትና አመተ ማርያም ያቀረበችልኝን በርጩማ ሳልቀመጥበት ቆሜ ጠበቅኩ። ዓለምብርሃን መነጽሩን አድርጎ እያንዳንዱን የእርሳስ ጽሑፍ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበ። ስድስተኛው ባዶ ላይ «ኧ!» አለ። አምስተኛዋ ክፍል ላይ ቆየ።

«እሽሩሩ?»

«እሽሩሩ ናት።»

«ከየት አመጣኸው?»

«የመጀመሪያው ፊልም ሁለተኛው ላይ አለች።»

«ያ የታጠበው?»

«አልታጠበም። ሐመልማል ምንም አላጠበችም። ዋሽቼህ ነው።»

መነጽሩን አወለቀ። አመተ ማርያም ድስቷን ይዛ ቀስ ብላ ወጣች።

«በጾም የሰማሁት እኔ» አለ፣ «በትንሣኤ የዋሸኸው አንተ።»

«የባሰው የቱ ነው?»

«እሱን የንስሓ አባቶቻችን ይጨነቁበት። ለምን ዋሸኸኝ?»

«ቀናሁብህ። ሃምሳ አምስት ቀን የጠበቅኩት እኔ፣ የሰማኸው አንተ። የመጀመሪያዋን ቀን ወሰድክብኝ፤ አሁን ልመልስልህ ብትልም አትመለስም።»

«ልክ ነህ፤ አትመለስም። በድዬሃለሁ።» መነጽሩን በጋቢው ጠረገ። «እኔስ? አሥራ አንድ ዓመት ለብቻህ ስትሰማ አንድ ቀን ‹ና፣ እንስማ› ብለኸኝ ታውቃለህ?»

«አልጠየቅከኝማ!»

«መሪጌታ ነኝ! ልብስ ሰፊ ቤት በር ላይ ቆሜ ‹ሙዚቃ አሰማኝ› ልበል? ካባዬን አራት ጊዜ ያሰፋሁት ካባ አጥሮኝ መሰለህ? እኔ ስገባ ታጠፋዋለህ።»

ትዝ አለኝ። ለክብሩ ብዬ ነበር የማጠፋው። እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ።

«አሁን አሰማሃለሁ» አልኩ። «ካርዱን ግን አልሰጥህም። ሱቄ መጥተህ፣ እኔ በማውቀው ቅደም ተከተል፣ ቀስ ብለህ ነው። ጾመ ሐዋርያት ሳይገባ አራት ሐሙስ አለን። አምስት አምስት ክፍል።»

«ሦስተኛው ሐሙስ ዕርገት ነው።»

«ከቅዳሴ በኋላ ትመጣለህ።»

«አራት ሐሙስ ሙሉ ደንበኛ ወንበር ላይ ስቀመጥ ሰው ምን ይላል?»

«ካባ ሊለካ ነው ይላላ።»

«አራት ሐሙስ የሚለካ ካባ?»

«ትልቅ ካባ ነው።»

ሊስቅ ነበር፤ ቁጣው ገና ስላልወጣለት ዋጠው።

«ደግሞ ዝም ትላለህ» አልኩ። «ዋናው እሱ ነው። የሰማኸውን ሁሉ፣ ያገኘኸውን ሁሉ፣ እስከ ዐሥራ ዘጠነኛው ድረስ ዝም። እኔ ካልጠየቅኩህ አንድ ቃል የለም።»

«ስህተት ካገኘሁብህስ?»

«በተለይ ያን ጊዜ።»

ዕድሜ ልኩን ተማሪ ሲያርም የኖረ ሰው ነው። ወለሉን አየ፣ ደብተሩን አየ፣ እሽሩሩዋ የተጻፈችበትን ገጽ በአውራ ጣቱ ዳሰሰ።

«እጄስ?» አለ። «ዜማ ስሰማ እጄ ይሄዳል። እሱን ማንቀሳቀስ ይፈቀዳል?»

«እጅህንም።»

«ሕሩይ!»

«እጅህ ይናገራል፣ አውቀዋለሁ። አንተ እጅህን ስታነሣ እኔ ሊመጣ ያለውን አውቃለሁ።»

 ከደጅ አመተ ማርያም ዶሮ ስታባርር ይሰማል።

«እሺ» አለ በመጨረሻ፣ ክርክር እንደተረታ ሊቅ ቃሉን እየመዘነ። «ሐሙስ እመጣለሁ። ሁለቱንም እጆቼን ጋቢዬ ውስጥ ከትቼ፣ ደንበኛ ወንበር ላይ፣ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ።»